ሰውየው ወይስ ወንበሩ? (ኡኬ ላይ የተደረገ ምልልስ)

ነጋዴው፦ ና ቁጭ በል መምህር። አቦሉ አመለጠህ፣ ቶናው ግን እየደረሰ ነው። የትልልቅ ኩባንያ አለቆች በሽተኞች ናቸው እያልክ ነቀምቴ ላይ ታስተምራለህ አሉኝ። እውነት ነው?

መምህሩ፦ ያወራልዎት ሰው ጨው ጨምሮበታል ጋሼ። ሁሉም አላልኩም። ከመካከላቸው የሰው ሕመም ፈጽሞ የማይቆረቁራቸው አሉ ነው ያልኩት። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች «ሳይኮፓት» ይሏቸዋል። እብድ አይደሉም፤ እንዲያውም አእምሯቸው ስል ነው። ልብሳቸው ንጹሕ፣ አንደበታቸው ማር። ሲዋሹ ዓይናቸው አይርገበገብም፣ ሲነቃባቸውም ፊታቸው አይቀላም።

ነጋዴው፦ ደላላ ማለትህ አይደል እንዴ? በገበያ ቀን ውጣና አሥሩን ላሳይህ።

መምህሩ፦ ይሳቁ! ደላላው ማታ ቤቱ ሲገባ ቀን የሠራው ሊከነክነው ይችላል። እኔ የምለውን ሰው ግን የሚከነክነው ነገር የለም። ሮበርት ሄር የሚባል ካናዳዊ ለብዙ ዓመታት እስር ቤት ውስጥ እስረኞችን ሲያጠና ኖሮ 20 ነጥቦች ያሉት መለኪያ አወጣ። አፈ ቅቤ ነው? ራሱን ከሰው በላይ ያያል? ውሸት ኑሮው ነው? ጸጸት ያውቃል? ጥፋቱን በሌላ ሰው ላይ ይለጥፋል? ለእያንዳንዱ 0፣ 1 ወይም 2 ይሰጣል፣ ድምሩ ከ40 ነው። 30 የሞላ ሰው ሳይኮፓት ይባላል።

ነጋዴው፦ እስር ቤት የተሠራ ሚዛን ቢሮ ውስጥ ምን አገባው?

መምህሩ፦ ሄር ራሱ ነው ያስገባው። ፖል ባቢያክ ከሚባል የኩባንያዎች አማካሪ ጋር ሆኖ፣ በፈረንጆች 2010 ባወጡት ጥናት፣ ኩባንያዎቻቸው ለከፍተኛ ኃላፊነት ያጯቸውን 203 ሰዎች ለኩ። ከመቶ 4 የሚጠጉት መስመሩ ላይ ደርሰዋል። በተራው ሕዝብ ዘንድ ግምቱ ከመቶ 1 ገደማ ነው። ደግሞ እኔን ያስገረመኝ ይህ አይደለም። ከፍተኛ ነጥብ ያገኙት ሰዎች በንግግርና በሐሳብ አፍላቂነት ተመስግነዋል፤ በሥራ ውጤትና ከሰው ጋር አብሮ በመሥራት ግን ከባልደረቦቻቸው ያነሱ ናቸው ተብለዋል። ያም ሆኖ ለዕድገት የታጩ ናቸው።

ነጋዴው፦ ቆይ፣ ቆይ። ከ203 ሰው ከመቶ 4 ስንት ሰው ይሆናል?

መምህሩ፦ ስምንት።

ነጋዴው፦ ስምንት ሰው! እኔ ከአንድ መጋዘን ስምንት እፍኝ በቆሎ ናሙና ወስጄ ስለ መላው ወለጋ በቆሎ ባወራ ምን ትለኛለህ?

መምህሩ፦ ይበሉ፣ ይህንን ተቀበልኩ። የባሰውንም ልንገርዎት። በፈረንጆች 2019 ሌሎች ተመራማሪዎች የተበታተኑትን ጥናቶች ሰብስበው ሲያዩ፣ ይህ ባሕርይ ወደ አለቅነት ለመውጣት የሚረዳው በጥቂቱ ነው፤ ወጥቶ ጥሩ አለቃ ለመሆን ደግሞ በጥቂቱ ይጎዳል ብለዋል። ሁለቱም ደካማ ናቸው።

ነጋዴው፦ ታዲያ ክርክሩን አንተው ራስህ ጣልከው።

መምህሩ፦ አልጣልኩትም። ደካማ ማለት የለም ማለት አይደለም። አንድ ጤፍ ሻጭ ሕሊና ቢጎድለው አንድ ሰፈር ይከስራል። በርናርድ ማዶፍ ግን አንድ ሰው ነበር። ኒውዮርክ ላይ ተቀምጦ የወዳጆቹን፣ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን፣ የጡረተኞችን ገንዘብ ለዓመታት እየተቀበለ፣ ከአዲሱ ሰው የወሰደውን ለቀድሞው «ትርፍ» ብሎ ሲከፍል ኖረ። በፈረንጆች ታኅሣሥ 2008 ተያዘ፤ በዓመቱ 150 ዓመት ተፈረደበት፤ በ2021 እዚያው እስር ቤት ሞተ። ገንዘባቸውን የበላቸውን ሰዎች በየግብዣው እየሳመ ነበር የሚኖረው።

ነጋዴው፦ እሱ ሌባ ነው። የእኛ ሰው ለሌባ ስም ለማውጣት ካናዳዊ አላስፈለገውም፤ ሕሊና ቢስ ብሎ ጨርሷል። እኔ የምለው ሌላ ነው። ሌባ ባልነበረበትም ስንት ጥፋት ደርሷል። ባኮን ታውቀዋለህ፣ በአዲስ አበባው መንገድ የምናልፍበት። እዚያ ለአንድ የህንድ ጽጌረዳ አምራች፣ ለካሩቱሪ፣ 11,700 ሄክታር ተሰጠው። ከብቱ የሚግጥበት ሜዳ ነበር። ጋምቤላ ላይ ደግሞ 100,000 ሄክታር፣ በዓመት ለሄክታር 20 ብር ኪራይ! የባሮን ሙላት እንኳ በቅጡ ያወቀ አልነበረም፤ በፈረንጆች 2011 በቆሎው በውኃ ተዋጠ። ታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ግብርና ሚኒስቴር ውሉን ሲያፈርስ ጋምቤላ ላይ የለማው 1,200 ሄክታር ነው ተባለ። ከ100,000ው! እስቲ እዚህ ውስጥ ሳይኮፓቱን አውጣልኝ።

መምህሩ፦ ይህማ ወንጀል አይደለም ጋሼ። ክስረት ነው። ከክስረቱ በፊት ደግሞ የሁለት ወገን ጉራ።

ነጋዴው፦ ነገሬም እሱ ነው። ግጦሹን ያጣው ገበሬ የተጎዳው ክፉ ሰው ጠልቶት አይደለም። የፈረመው ሹም ለአገር ልማት መስሎት ፈረመ፣ ባለሀብቱ ዓለምን ልመግብ ነው ብሎ አመነ፣ ባንኩ በውሉ ተማምኖ አበደረ። ሁሉም ማታ በሰላም ተኛ።

መምህሩ፦ እንግዲያው ወንጀል ወደሆነው እንሂድ። እሷም መጣች። ነይ ግቢ፣ ቶናው አላለቀም። የሒሳብ ሰው ስትኖር ክርክሩ ይጠራል።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ከደጅ ሆኜ ስሰማችሁ ነበር። ማዶፍና ካሩቱሪ ድረስ ምን አስኬዳችሁ? ቱሉ ፈራ አለላችሁ።

ነጋዴው፦ የአውሮፕላኑ?

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ የአውሮፕላኑ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ እሑድ ጠዋት። ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 በስድስት ደቂቃው ጊምቢቹ ወረዳ ቱሉ ፈራ ላይ፣ ከቢሾፍቱ ወዲያ፣ ማሳ ውስጥ ተቀበረ። 157 ሰው፣ የ35 አገር ዜጋ። ካፒቴኑ ያሬድ ጌታቸው 29 ዓመቱ ነበር። ቤተሰብ አስከሬን አጥቶ አፈር ይዞ ወደ ቀብር የሄደበት ነው። ከዚያ አምስት ወር ሳይሞላ በፊት፣ ጥቅምት 19 ቀን፣ ያው ዓይነት አውሮፕላን ኢንዶኔዥያ ላይ 189 ሰው ይዞ ባሕር ገብቷል። 346 ሰው በአንድ ዓመት። መምህር ሳይኮፓት ይፈልጋሉ፤ ጋሼ ደግሞ የለም ይላሉ። ሁለታችሁም እዚህ ላይ ሞክሩት።

መምህሩ፦ እሺ። ቦይንግ 737 ማክስ ትልልቅ ሞተሮች ተገጠሙለት፣ አፍንጫው ወደ ላይ የመነሣት ጠባይ አመጣ። ያንን ለማረም ኤምካስ የሚባል ፕሮግራም ጨመሩበት፤ ፓይለቱ ሳያዝዘው አፍንጫውን ወደ ታች የሚደፋ። የሚታዘዘው በጎን ካሉት ሁለት ጠቋሚዎች የአንዱን ብቻ ነው። ያ አንዱ ከተሳሳተ ጤነኛውን አውሮፕላን ወደ መሬት ይነዳዋል፤ ፓይለቱ ቢመልሰውም እንደገና ይደፋዋል። እና ጋሼ፣ ከመጀመሪያው አደጋ በፊት ይህ ነገር በፓይለቶቹ መመሪያ ውስጥ አልተጻፈም ነበር። ሆን ተብሎ! ይህንን ያደረገ ሰው ምን ይባላል?

ነጋዴው፦ ለምን ደበቁት?

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ዋጋ። ከተጻፈ ሥልጠና ያስከትላል። ሥልጠና ካስከተለ አየር መንገዶቹ ፓይለት ከሥራ አውጥተው ሲሙሌተር ላይ ማስቀመጥ ሊኖርባቸው ነው። ሳውዝዌስት ከሚባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር በተገባ ውል፣ የሲሙሌተር ሥልጠና ካስፈለገ ቦይንግ በእያንዳንዱ አውሮፕላን 1 ሚሊዮን ዶላር ሊቀንስ ቃል ገብቶ ነበር።

ነጋዴው፦ ያገኘሁትን ነገር አየህ መምህር? የሽያጩ ሰው ጥሩ ውል ፈረመ፤ ሥራው ነው። መሐንዲሱ በተሰጠው ጊዜ ችግሩን ፈታ፤ ሥራው ነው። የመመሪያው ጸሐፊ መጽሐፉን አሳጠረ። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የቀረበለትን ወረቀት አየና ማኅተም መታ። ቁራጩን ለየብቻ ብታየው የቢሮ ሥራ ነው። ስትገጣጥመው 346 ሬሳ። ገዳዩ ማን ነው? ወንበሩ ነው እንጂ ሰውየው አይደለም። አንዱን ብታነሣው ሌላው ይቀመጥና ያንኑ ይፈርማል።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ እዚህ ላይ ለጋሼ አንድ ምስክር ልስጣቸው። ኤድዊን ሰዘርላንድ የሚባል የሶሲዮሎጂ ሊቅ ነበር። በፈረንጆች 1939 «ነጭ ኮሌታ የለበሰ ወንጀል» የሚለውን አነጋገር ያስተዋወቀው እሱ ነው። በኋላ 70 ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን መዝገብ አገላብጦ 980 ውሳኔ ተላልፎባቸው አገኘ። ኩባንያን በሥነ ልቦና ሕመም ማስረዳት ያስቀው ነበር። ወንጀልን ሰው ከሥራ ባልደረባው ይማረዋል ነው የሚለው፤ አዲሱ ሠራተኛ ሲገባ «እዚህ ቤት እንዲህ ነው የሚሠራው» ይባላል፣ ያው ነው።

መምህሩ፦ ሁለት ለአንድ ሆናችሁብኝ። እንግዲያውስ ልመልስ። ከመጀመሪያው አደጋ አራት ወር ቀደም ብሎ፣ በሰኔ 2010 ዓ.ም.፣ ኤድ ፒርሰን የሚባል የፋብሪካው ኃላፊ ለ737 ፕሮግራም አለቃ ጻፈ። ሠራተኛው ደክሟል፣ ጥራቱ ወርዷል፣ ምርቱን አቁሙልኝ አለ። ያውም ያንኑ ወንበር፣ ያንኑ ደሞዝ፣ ያንኑ ቤት ይዞ። ሥርዓቱ ሁሉን ሰው የሚያደነዝዝ ቢሆን ኖሮ ይህ ሰው ከየት መጣ? ደግሞስ ደብዳቤውን የተቀበለው ማን ነው? ሥርዓት ደብዳቤ አያነብም ጋሼ። ሰው ነው የሚያነበው፣ አንብቦም ወደ ጎን የሚያደርገው።

ነጋዴው፦ ፒርሰን ያልከው ሰውዬ ከዚያ በኋላ ምን ሆነ?

መምህሩ፦ ነሐሴ ላይ ጡረታ ወጣ።

ነጋዴው፦ አየህ! ሕሊና ያለው ወጣ። የቀረው ማን ነው?

መምህሩ፦ የእኔን ነገር በእርስዎ አፍ ተናገሩልኝ! ወንፊቱ ይኸው ነው። ሳይኮፓቱን ማንም ሆን ብሎ ፈልጎ አይሾመውም። ማደር ያቃተው እየለቀቀ ሲሄድ፣ ማደር የማያቅተው እላይ ይቀራል። የቦይንግ ሠራተኞች እርስ በርስ የተጻጻፉት በፈረንጆች ጥር 2020 ይፋ ሲሆን አንዱ ምን እንደጻፈ ያውቃሉ? አውሮፕላኑን የነደፉት አስቂኝ ተዋንያን፣ የሚቆጣጠሯቸውም ዝንጀሮዎች ናቸው ብሏል። ያውቁ ነበር፤ እያወቁ ይቀልዱበት ነበር።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ የሚቀልድ ሰው ግን ሕሊና ቢስ ነው? እኔ ልቅሶ ቤት የሚቀልዱ ሰዎች አውቃለሁ፣ ልባቸው ተቃጥሎ ነው። ይልቅ እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ሌላ ነው። ከኢንዶኔዥያው አደጋ በኋላ፣ የእኛው ከመውደቁ በፊት፣ የአሜሪካ አቪዬሽን መሥሪያ ቤት ስሌት ሠርቶ ነበር። ፕሮግራሙ ካልተስተካከለ በአውሮፕላኖቹ የአገልግሎት ዘመን ሌላ 15 ያህል አደጋ ሊደርስ ይችላል የሚል። ቁጥሩ ወረቀት ላይ ሰፍሮ አውሮፕላኖቹ መብረር አላቆሙም።

መምህሩ፦ ይህ ሳይኮፓት ካልተባለ ምን ሊባል ነው?

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ሒሳብ። እኔ በየቀኑ የምሠራው ሥራ። በምሠራበት ዩኒየን ውስጥ ማዳበሪያ ሲጓጓዝ ስንት ኩንታል እንደሚቀደድ፣ ስንት እንደሚሰረቅ ቀድሜ አሰላለሁ፤ ዓምዱ ውስጥ አስገብቼ እዘጋለሁ። 15ቱን የጻፈው ሰው እንደኔ ዓይነት መሆኑን ሳስብ ነው የፈራሁት። ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሶ የመጣ ሰው ይሆናል።

ነጋዴው፦ አንቺ ልጅ፣ ለኔ ነው ለሱ የምትከራከሪው?

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ለማንም። የኔን ዓምድ ነው የምመረምረው።

ነጋዴው፦ መምህር፣ አለቃውስ? እዚህ ሚዛንህ ላይ አውጣውና ነጥቡን ንገረኝ።

መምህሩ፦ አላወጣውም። ሰውን ከሩቅ ሆኖ፣ ከቴሌቪዥን አይቶ መመዘን አይቻልም፤ መለኪያው የሠለጠነ ባለሙያ፣ ረጅም ቃለ ምልልስና የሰውየውን የሕይወት መዝገብ ይጠይቃል። የያኔው የቦይንግ አለቃ ዴኒስ ሙይለንበርግ ሳይኮፓት ነው ብል ውሸታም እኔ ነኝ። የሠራውን ግን እናገራለሁ። በሚያዝያ 2011 ዓ.ም.፣ የኛዎቹ ልጆች ሐዘን ገና ሳይበርድ፣ አንዳንዱ የአሠራር ደረጃ በፓይለቶቹ ሙሉ በሙሉ አልተፈጸመም አለ። የኢትዮጵያ መርማሪዎች የመጀመሪያ ዘገባ ደግሞ ፓይለቶቹ ኩባንያው ያዘዘውን ደጋግመው ፈጽመዋል፣ አውሮፕላኑ ግን አልታዘዘም ብሎ ነበር። በመለኪያው ላይ «ጥፋቱን በሌላ ላይ ይለጥፋል» የሚል ነጥብ እንዳለ ነግሬዎታለሁ።

ነጋዴው፦ ጠበቃው የመከረውን ነው የተናገረው። ማን አጠፋሁ ይላል?

መምህሩ፦ ይቺን መልስ ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ የገንዘቡን ነገር ሳትሰሙ እንዳታልፉ። ኩባንያው ተቆጣጣሪውን ለማታለል መዶለቱን አምኖ፣ ክስ እንዲዘገይለት ከአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ጋር ተስማማ። ስምምነቱ ይፋ የሆነበትን ቀን ልብ በሉልኝ፦ ታኅሣሥ 29 ቀን 2013 ዓ.ም.። የገና ዕለት! ጠቅላላው ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። አብዛኛው ለአየር መንገዶች የሚከፈል ካሳ ነው፤ የወንጀል ቅጣቱ 243.6 ሚሊዮን ብቻ፣ ለሟች ቤተሰቦች 500 ሚሊዮን። አለቃው ቀደም ብሎ በፈረንጆች ታኅሣሥ 2019 ተባርሮ ነበር። የተባረረ ስንቅ ይዞ ይሄዳል? እሱ 62 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በአክሲዮንና በጡረታ ይዞ ሄደ።

ነጋዴው፦ የታሰረስ?

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ የተከሰሰው አንድ ሰው ነው። አለቃ አይደለም፤ የፕሮግራሙ ዋና የቴክኒክ ፓይለት ነበር። በፈረንጆች መጋቢት 2022 ቴክሳስ ውስጥ የሕዝብ ዳኞች (ጁሪ) ነጻ አሉት።

ነጋዴው፦ ይኸውልህ መምህር፣ ሰው ፈልገው ብቻውን የቆመ አንድ ሰውዬ አገኙ፤ እሱም አልሆነም።

መምህሩ፦ ስላልፈለጉ ነዋ! ትንሹን ፈለጉ፣ ትልቁን ተዉት። ጋሼ፣ ልጠይቅዎት። የእኛ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 34 ድርጅት ወንጀለኛ ሊሆን ይችላል ይላል። ዋናው ቅጣቱ ግን ገንዘብ ነው፤ ኩባንያ ወኅኒ አይወርድም፣ ልጆቹ አያፍሩበትም፣ ሚስቱ ስንቅ አታመላልስለትም። ጥፋቱ የወንበሩ ነው ሲሉ ወንበሩን ምን ሊያደርጉት ነው? ሊገርፉት?

ነጋዴው፦ …ሰውየው ይጠየቅ።

መምህሩ፦ የትኛው ሰውዬ? ሁሉም ሥራውን ነው የሠራው ብለውኝ ነበር።

ነጋዴው፦ እሺ፣ ያዝከኝ። ይጠየቅ እላለሁ፤ በሽተኛ ነው ግን አትበለኝ። በሽተኛ ስትለው አንደኛ ጠበቃው ይደሰታል። ሁለተኛ ደግሞ፣ ይህ ይብሳል፣ እኔና አንተን ነጻ ታወጣናለህ። ጥፋት የሚሠራ ሰው ሌላ ዘር ነው፣ ከመቶ አራቱ ነው፣ እኔ ከ96ቱ ነኝ ብዬ ቡናዬን እጠጣለሁ።

መምህሩ፦ በመጀመሪያው ልስማማ። በሽታ አይደለም፣ ትክክልና ስሕተቱን ያውቃሉ፤ ባሕርይ ነው። በሁለተኛው ግን አልስማማም። ከሌላው የሚለዩ ሰዎች መኖራቸውን ማወቅ እኛን ንጹሕ አያደርግም፤ ለእነሱ ወንበር ስንሰጥ እንድንጠነቀቅ ያደርገናል እንጂ።

ነጋዴው፦ አንድ ነገር ልንገርህ። አንቺም ስሚ። ሃያ ዓመት አልፎታል። ባኮ ምርምር ያወጣው ቢኤች-660 የሚባለው በቆሎ ገበሬው እንደ ዓይኑ ብሌን የሚያየው ዘር ነበር፤ ያው ተዳቃይ ነው፣ በየዓመቱ መግዛት አለብህ። አንድ አምጪ በርካሽ አምጥቶልኝ ነበር። ቀለሙ ልክ ነው፣ መድኃኒቱን ተቀብቶ ቀልቷል። እጄን ሳስገባበት ግን ፍሬው እኩል አልመጣልኝም። ገባኝ። ተራ በቆሎ ቀልሞ ደባልቆበታል። ገንዘቤን ከፍዬ ጨርሻለሁ። ሸጥኩት። አንዱ ገዢ የእኛው ጎረቤት ነበር፣ ከወንዙ ማዶ የሚያርስ። ማሳው አንዱ ረጅም አንዱ ድንክ ሆነ፣ ገሚሱ እሸት አልያዘም። እና መምህር፣ የሸጥኩለት ዕለት ማታ ተኛሁ። በደንብ ተኛሁ! እናቴ ስትሞት ሦስት ቀን እህል ያልቀመስኩ ሰው ነኝ። እስቲ ከ40 ስንት ትሰጠኛለህ?

መምህሩ፦ ዝቅተኛ ነጥብ ነው የምሰጥዎት። ይኸው ሃያ ዓመት ተሸክመውታል። እኔ የምለው ሰው ይህንን ታሪክ አያወራም፤ ካወራም እየሳቀ ነው።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ለሰውየው ምን አደረጉለት?

ነጋዴው፦ በሚቀጥለው ዓመት ዘሩን በነጻ ሰጠሁት።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ለምን?

ነጋዴው፦ ደጄ መንገዱ ላይ ነው። በየቀኑ ያልፋል። ልጁ ሲዳር ተጠርቻለሁ፣ አባቱ ሲሞት ድንኳን ተክያለሁ። አባቴ «ሰፉ» ይል ነበር፤ በአማርኛ ነውር ብትለው አይሞላም። በሰውና በሰው፣ በሰውና በከብት፣ በሰውና በዛፍ መካከል እንኳ የማይታለፍ ወሰን አለ ማለት ነው። ለዛፍ ሰፉ ካለው፣ ለጎረቤት እንዴት አይኖረው?

መምህሩ፦ ስለዚህ ያዳንዎት ሕሊናዎ ሳይሆን መንገዱ ነው።

ነጋዴው፦ ይሉኝታ ነው በለው። ያኔ ቺካጎ ተቀምጦ በነበረው የቦይንግ አለቃ ደጅ ግን የቱሉ ፈራ ገበሬ አያልፍም። እኔ ከሱ የምሻለው በልብ ላይሆን ይችላል፤ በሰፈር ነው። ለዚህ ነው ወንበሩ ነው የምልህ። ወንበሩን ከፍ አድርገው ሠርተውታል፣ ማንም ከታች ሲያልፍ አይታይም።

መምህሩ፦ ይህ ጥሩ መልስ ነው። ግን ሙሉ አይደለም። የሟቾቹ ቤተሰቦች ከናይሮቢም ከቶሮንቶም የልጆቻቸውን ፎቶ ይዘው ዋሽንግተን ሄዱ፤ አለቃው ምክር ቤት ሲቀርብ ከኋላው ቆመው ፎቶውን ከፍ አደረጉት። ያን ዕለት መንገዱ በደጁ አለፈ ጋሼ። ዞሮ አያቸው፣ ይቅርታም ጠየቀ። ከዚያስ? አንዳንድ ሰው ጎረቤቱን በደጁ ሲያልፍ እያየውም ምንም አይሰማውም። እርስዎ ቢያንስ ዘሩን ሰጡት።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ በረካው ቀዘቀዘ፣ ጠጡ። የፍርድ ቤቱን መጨረሻ አልጨረስኩላችሁም። ቴክሳስ ያለው ፌዴራል ዳኛ ራሱ ይህ በአሜሪካ ታሪክ ብዙ ሰው የፈጀ የኩባንያ ወንጀል ሊባል ይችላል ብሎ ጽፎ ነበር። የቦይንግን ጥፋተኛ ነኝ የሚል ስምምነትም ኅዳር 2017 ዓ.ም. ላይ አልቀበልም አለ። በኋላ ግን መንግሥት ክሱን ልተወው ሲል፣ ጥቅምት መጨረሻ 2018 ላይ ቅር እያለው ፈቀደ፤ ሕጉ እጄን ይዞኛል ነው ያለው። መዝገቡ ተዘጋ። በ346 ሰው ሞት አንድም ሰው እስራት አልተፈረደበትም።

ነጋዴው፦ ከዚህ በኋላ ምን ልበልህ መምህር። ሁላችንም ተረታን።

መምህሩ፦ ያዙልኝ ያልኩት አንድ ነገር ነበር። «ማን አጠፋሁ ይላል» ብለውኛል።

ነጋዴው፦ ብያለሁ።

መምህሩ፦ ያ ጎረቤትዎ፣ ዘሩን በነጻ የሰጡት፣ በቆሎው ለምን እንደከዳው ያውቃል?

ነጋዴው፦ አያውቅም።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ታዲያ ምን አሉት?

ነጋዴው፦ ዝናቡ ነው አልኩት። ዛሬ ጠዋትም በደጄ አልፏል።